ከቡና አገር ወደ ሳነቴ፦ ለከፍተኛ ተራራ ተጓዦች የሚሰጥ የጤና ምክር

የጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አጋሮ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ትላለች። ከእነዚህ ከተሞች ተነሥቶ በመንገድ መሪ እየታገዘ የባሌ ተራሮችን ለቀናት በእግር የሚጓዝ ሰው፣ የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለባት በዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ያድራል። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ሲሆን የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በ4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል።

«የደጋ አገር ሰው ከፍታ አይጎዳውም» የሚለው ግምት አሳሳች ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው የኦክሲጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ግን የዚያ ከፍታ ነዋሪዎች ጸጋ እንጂ የጅማ ነዋሪ መከላከያ አይደለም። የአካል ጥንካሬም ቢሆን ከከፍታ ሕመም አያድንም።

ከጉዞ በፊት

ባለሙያው ቀደም ሲል የከፍታ ሕመም ደርሶ እንደሆነ፣ የልብና የሳንባ በሽታ፣ የደም ማነስ እንዲሁም እርግዝና መኖሩን ይጠይቃል። ተጓዡ በአዲስ አበባ ወይም በአሰላ አንድ ሌሊት፣ በዲንሾ ደግሞ ሁለት ሌሊት ቢያድር ይመረጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም፤ በየ3 ወይም 4 ቀኑም የዕረፍት ቀን ያስፈልጋል። ቀስ ብሎ ለመውጣት ጊዜ ለሌለው ወይም ቀደም ሲል ለታመመ አዋቂ አሴታዞላማይድ 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ይጀመራል። ለሰልፋ መድኃኒቶች ብርቱ አለርጂ ላለበት ግን አይሰጥም። አልኮልና የእንቅልፍ መድኃኒት ይከለከላሉ።

ራስ ምታትን መለየት

የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽ፣ በድካምና በማዞር ይጀምራል። ከቡና አገር በመጣ ተጓዥ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ሊያሳስቱ ይችላሉ። አንደኛው ቡና ማቋረጥ ነው፤ በቀን ብዙ ስኒ የሚጠጣ ሰው ቡናውን በድንገት ካቆመ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊያመው ይችላል። ስለዚህ የለመደውን መጠን እንዲቀጥል ይመከራል። ሁለተኛው ወባ ነው፤ ተጓዡ ከቤቱ ይዞት የወጣው ጥገኛ ተሕዋስ በተራራው ላይ ሊገለጥ ይችላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ሳይዘገይ የደም ምርመራ ይደረግ። ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ግን በከፍታ ላይ የሚከሰት ራስ ምታት የከፍታ ሕመም ተደርጎ ይወሰዳል፤ ታማሚውም ወደ ላይ አይቀጥልም።

አስጊ ምልክቶች

በዕረፍት ጊዜ የትንፋሽ ማጠርና ሳል በሳንባ ውኃ መቋጠሩን፣ የአእምሮ መደናገርና ተረከዝን ከጣት እያገጠሙ መራመድ አለመቻል ደግሞ የአንጎል እብጠትን ያመለክታሉ። በሁለቱም ጊዜ ዋናው ሕክምና ሌሊትም ቢሆን ታማሚውን ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ዝቅ ማድረግ ነው፤ ኦክሲጅን ካለም ይሰጠዋል። ለአንጎል እብጠት ዴክሳሜታዞን በመጀመሪያ 8፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ 4 ሚሊግራም ይሰጣል፤ መውረዱን ግን አይተካም። ታማሚው ብቻውን አይላክ። ለመንገድ መሪው እነዚህን ምልክቶች ከጉዞው በፊት ማስረዳት፣ የመውረጃውን መንገድና የጭነት ፈረሱን አስቀድሞ መወሰን የምክሩ ዋነኛ ክፍል ነው።