ኮሌጅ ከመግባት አስቀድሞ ስለሚለመድ ንባብና ጽሕፈት

በ2015 ዓ.ም. በተገለጸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ስለ ነበሩ፤ በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት መከፈቱ ይታወሳል። ይሁን እንጂ የጥቂት ወራት ትምህርት የዓመታትን ልማድ ሊተካ አይችልም። ብዙዎቻችን ሁለተኛ ደረጃን ያለፍነው በሰሌዳ የተጻፈውን ገልብጠን በቃል በማጥናት ነው፤ በኮሌጅ ግን መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲናገር ዋናውን ሐሳብ ለይቶ መጻፍ የተማሪው ፈንታ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ገና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይህን እንዲለምዱ እናሳስባለን፤ ይኸውም አንድ ምዕራፍ ካነበቡ በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ ፍሬ ነገሩን በገዛ ቃል በአምስት መስመር መጻፍ፤ ከዚያም መጽሐፉን ገልጦ ማረም ነው። ያልገባው ነገር በፈተና ቀን ሳይሆን በዚያው ማታ ይታወቃልና።