ራሱን የተመታ ብላቴና ከሜዳ ይውጣ

የሰው አንጎል ከራስ ቅል ጋር ሳይጣበቅ በፈሳሽ ተከቦ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ራስ በኃይል ሲመታ ወይም የሚሮጥ ሰውነት በድንገት ሲገታ፣ እንስራ ያዘለች ልጃገረድ ቀጥ ብላ ስትቆም ውሃው ውስጥ ለውስጥ እንደሚናጥ፣ እርሱም በቅሉ ውስጥ ይናወጣል። ደም አይፈስም፤ የተመታውም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አይስትም፤ ስለዚህ ተመልካቹ «ተነሥቷል፣ ደኅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች የሚደፉት የራስ ቁር እንኳ ቅሉን ከስብራት ይጠብቅ እንደ ሆነ ነው እንጂ መናወጡን አያስቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ዛከሪ ላይስቴት የተባለ የ13 ዓመት ብላቴና በዚሁ ጨዋታ ራሱ ከመሬት ተጋጭቶ፣ ጥቂት ካረፈ በኋላ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ጨዋታው ሲፈጸምም ተዝለፍልፎ ወደቀ። የሲያትል ሐኪሞች ቅሉን ከፍተው ነፍሱን አተረፉለት፤ ንግግርንና እርምጃን ግን እንደ ገና ከመጀመሪያው መማር ግድ ሆነበት። ገና ያልዳነ አንጎል ሁለተኛ ጊዜ ሲመታ፣ ይልቁንም በልጅነት፣ ጥፋቱ እጅግ የከፋ ነውና።

በ2009 በዚህ ብላቴና ስም የተጠራው ሕግ በዋሽንግተን ታወጀ፤ እስከ 2014 ድረስም 50ዎቹ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ሁሉ ይህን የመሰለ ሕግ አወጡ። በዚህ ሕግ መሠረት መናወጥ የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፤ የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድለትም አይመለስም። የሕጉ ጥበብ፣ በእኔ ፍርድ፣ ጥርጣሬን ብቻ በቂ ማድረጉ ነው፤ ጨዋታ የሚወድ ልጅ ሕመሙን ይደብቃልና፣ ማሸነፍ የሚሻም አሠልጣኝ በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሊሆን አይገባውም።

በእኛው እግር ኳስ ዋናው አደጋ በቴስታ ኳስ ሲሻሙ ራስ ከራስ መጋጨቱ ነው። የዚሁ ጨዋታ የአሜሪካ ፌዴሬሽን በ2015 ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ሕፃናት ቴስታን ከልክሏል፤ ይህን ለመከተል ገንዘብ አያሻም።

ራሱን የተመታ ልጅ ቢያዞረው፣ ውጤቱን ቢረሳ፣ ብርሃን ቢያስጨንቀው፣ ይረፍ፤ በመጀመሪያ ወደ ትምህርቱ፣ ኋላም ቀስ በቀስ ወደ ኳሱ ይመለስ። ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። የሰፈር አሠልጣኞችም፣ ልጁ ቢያለቅስ፣ ቡድኑም በ10 ሰው ቢቀር፣ እንዲያወጡት፣ ወላጆችም ይህን ባደረገ አሠልጣኝ ላይ እንዳይቆጡ አደራ እንላለን።