ወላጆቻችን መርሳት ሲጀምሩ፦ አካልንና አእምሮን የሚያግዝ ቀላል እንቅስቃሴ

እናትዎ ቡናቸውን ጠጥተው ስኒው ሳይነሳ «ዛሬ ቡና አይፈላም እንዴ?» ቢሉዎ ምን ይመልሳሉ? ብዙዎቻችን አንዴ ሁለቴ እንታገሥና በሦስተኛው «አሁን ጠጡ እኮ!» ብለን እንቆጣለን። ቀስ በቀስም «ጃጅተዋል» ብለን ጥግ እናስይዛቸዋለን። ነገሩን ከክፉ መንፈስ ጋር የሚያያይዙም አሉ። ነገር ግን ይህ አብዛኛውን ጊዜ የአንጎል ሕመም ነው። ከእነዚህ ሕመሞች ዋነኛው፣ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው አልዛይመር ነው።

ሕመሙን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ አሁን አልተገኘም። ታዲያ ቁጭ ብለን እንመልከት ማለት ነውን? አይደለም!

በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ፕሊዬ» የተባለ የእንቅስቃሴ ፕሮግራም አዘጋጅተዋል። የመርሳት ችግር ያለባቸው አረጋውያን ክብ ሠርተው ይቀመጡና በዝግታ እየተንቀሳቀሱ ትንፋሻቸውንና አካላቸውን ያስተውላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የመጀመሪያ ጥናት የተካሄደው በጥቂት ሰዎች ላይ ስለ ነበር የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም፤ ሆኖም ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነበር።

ለምን ይጠቅማል? አልዛይመር አስቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የምንመዘግብበትን የአንጎል ክፍል ነው። እጅና እግር በልማድ የሚያውቁት ነገር ግን በሌላ ክፍል ስለሚያዝ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የዛሬውን ቁርስ የረሱ እናት እንዝርት ቢሰጧቸው መፍተል የሚችሉት ስለዚህ ነው። እንቅስቃሴው የሚገነባው በዚህ በቀረው ችሎታ ላይ ነው።

በቤትዎ እንዲህ መጀመር ይችላሉ፦

1. የማይነቃነቅ፣ ጎማ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስጠግተው ያስቀምጡ። እርስዎም ፊት ለፊት ይቀመጡ።

2. እግራቸው መሬት ይርገጥ፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይረፍ። ሦስት ጊዜ አብራችሁ በዝግታ ተንፍሱ።

3. እጃችሁን ቀስ ብላችሁ አንሡ፣ መልሱ። ትከሻንም እንዲሁ።

4. እግርን ወደ ወንበሩ ሰብሰብ፣ ደረትን ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ መነሣት፤ ከዚያም በዝግታ መቀመጥ። የሚቻላቸውን ያህል ይደጋገም። ያለ ሰው እርዳታ ከወንበር መነሣት ለቻለ አረጋዊ መጸዳጃ ቤት መሄድም ይቀልለዋል። ይህ ትልቅ ክብር ነው!

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና ቅደም ተከተል ይሥሩ። ብዙ አያውሩ፤ ሠርተው ያሳዩ። ቢሳሳቱ አያርሙ። «ረሱት እንዴ?» የሚለውን ቃል ከአፍዎ ያውጡ።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። በቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ በእንቅርት ዕጢ ችግር፣ በድብርት ወይም በሚወስዱት መድኃኒት ምክንያት የሚመጣና ሊታከም የሚችል መርሳትም አለና። በድንገት ግራ ከተጋቡ ፈጥነው ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው። ሲንቀሳቀሱ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ካዞራቸው ወዲያው ያቁሙ።

«ይህ ከዮጋ ጋር አይገናኝምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፣ ፕሮግራሙ ከዮጋና ከታይ ቺ አንዳንድ እንቅስቃሴዎችን ወስዷል። ከላይ የዘረዘርነው ግን መቀመጥ፣ መተንፈስና መነሣት ነው፤ የአምልኮ ሥርዓት የለበትም።

ወገኖቼ፣ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ ወላጅ ስማችንን በረሳ ጊዜ አይቋረጥም። በጸሎት ቤታችሁ የኋላ ወንበር ላይ ዝም ብለው የሚቀመጡ አረጋውያን የሉምን? እሑድ ከጉባኤው በኋላ ሁለት ሦስት ወጣቶች ወንበር በክብ አሰልፈው ሩብ ሰዓት አብረዋቸው ቢንቀሳቀሱ ገንዘብ አይጠይቅም። ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን ስታስታምም የከረመች ልጅም በዚያች ሩብ ሰዓት ታርፋለች።

እናትዎ ነገ እንቅስቃሴውን መሥራታቸውን ላያስታውሱ ይችላሉ። እርስዎ ግን ወንበሩን ያዘጋጁ።