የጉድኝቱ ሣጥን

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና የደረሰ መንገደኛ ቆሎ ሳይገዛ ወደ ሸዋ ሮቢት አይወርድም። ቆሎው አንዳንዴ በአሮጌ መማሪያ መጽሐፍ ገጽ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። እኔ በዚህ አልቆጭም፤ ቢያንስ ቆሎውን ሲጨርስ ገጹን ያነበው ይሆናል። የሚቆጨኝ በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት የተቆለፈበት መጽሐፍ ነው።

ለምን እንደሚቆለፍበት የመንግሥት ሠራተኛ ያውቀዋል። መጽሐፍ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ፈርሞ የተረከበው ሰው ሲዛወር አንድ ቢጎድልበት ተጠያቂው እሱ ነው። ቁልፉን ኪሱ ቢከት ማን ይፈርድበታል?

መላው ድሮም እጃችን ላይ ነበር፦ ጉድኝት። አጎራባች ትምህርት ቤቶች በአንድ ማዕከል ዙሪያ ይሰባሰባሉ፤ ሱፐርቫይዘሩ በመካከላቸው ይመላለሳል። አንዱ ጋ ሠላሳ ተረት፣ ሌላው ጋ ሃያ ቢኖር ለየብቻ መደርደሪያ አይሞሉም። አንድ ላይ በደረጃ ተለይተው በሣጥን ሲዞሩ ግን የመምህራን ቤተ መጻሕፍት ይሆናሉ። መምህሯ የምትዋሰውም አንድ ቅጂ ሳይሆን ለአንድ ቡድን የሚበቃ አምስት ስድስት ቅጂ ነው።

ላብ የሚያስወጣው መለየቱ ነው። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከእነሱ ጎን ግን አቀላጥፎ የሚያነብ ልጅ ተቀምጧል። ለሁለቱ አንድ መጽሐፍ መስጠት ሁለቱንም መበደል ነው።

አሜሪካውያኑ ፋውንታስና ፒኔል የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን ከኤ እስከ ዜድ በደረጃ ከፋፍለዋል። ያንን ወደ አማርኛ መገልበጥ ግን አያዋጣም። የእኛ ልጅ 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፃቸው፣ 231 አድርጎ ይለያል፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ከዚያ «እስኪመለሱላቸው» የሚል ቃል ይገጥመዋል፤ ለዓይን አንድ ቃል ነው፣ ለጀማሪ ግን ዳገት ነው። አጭር ቃልም ያታልላል። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል። ስለዚህ መምህራኑ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ጥራዝ ድምፃቸውን አውጥተው ያነቡታል፦ ቃሉ ስንት ፊደል አለው? ዓረፍተ ነገሩ ከአንድ መስመር ያልፋል? ሥዕሉ ይረዳል ወይስ ያሳስታል? ይፋት ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ ቤቱ ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ የሚናገር ልጅ ቃሉን ሰምቶት ያውቃል?

ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ አይምሰላችሁ። የኔታ ልጁን ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ወንጌሉ፣ ከዚያ ወደ ዳዊት ሲያሻግሩት፣ በየመሐሉም ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ ሲያደርሱት ደረጃ እያወጡ ነበር። ያውም ልጁን በዕድሜው ሳይሆን በአፉ እየመዘኑ።

ዛሬም ሚዛኑ አፉ ነው። ልጁ መቶ ቃል ያነባል፣ መምህሩ ስሕተቱን ይጭራል። 95 እና ከዚያ በላይ ካገኘ መጽሐፉን ብቻውን ይውሰደው። ከ90 እስከ 94 ከሆነ ከመምህሩ ጋር ያንብበው። ከዚያ ካነሰ መጽሐፉ ይቆየው። የኒውዚላንዷ ሜሪ ክሌይ ያስለመደችው አሠራር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ደረጃው በክፍል ቁጥር አይጻፍ። አራተኛ ክፍል ደርሶ «1ኛ ክፍል» የሚል መጽሐፍ የተሰጠው ልጅ ደግሞ አይመጣም። ቢጫ ነጥብ ግን ማንንም አያጋልጥም። በስፒል የተጠረዘ ቀጭን መጽሐፍ ጀርባ ስለሌለው ነጥቡ ከሽፋኑ ቀኝ ጥግ ይለጠፋል፤ ሣጥኑ ውስጥ ሲገላለጥ ቶሎ እንዲታይ።

መጻሕፍቱስ ከየት ይምጡ? በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ማጣታቸው ቢያንገበግባቸው፣ አገር ቤት ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ዛሬ እንደ አፍሪካን ስቶሪቡክ ካሉ ምንጮች በአማርኛ የተተረጎሙ ታሪኮችን በነፃ አትሞ መጠረዝ ይቻላል።

ሣጥኑ ብረት ይሁን። ደብረ ሲና ላይ የክረምቱ ጉም ወረቀት ያረጥባል፣ ሮቢት ላይ ደግሞ ምስጥ አለ።

የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሰው ፍርሃት ግን ብረት አይፈታውም። እሱን የሚፈታው ቃለ ጉባኤ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ኮሚቴው ተቀምጦ የተቀደዱትን ይቆጥርና ከመዝገብ ይሰርዛል፤ ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥርም «በንባብ ያለቀ» ብሎ ይፈርማል።