የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር ለምን በአደባባይ ይለጠፋል?

በልማታዊ ሴፍቲኔት በታቀፉ ወረዳዎች የተጠቃሚዎች ልየታ ሲጠናቀቅ፣ የተመረጡት አባወራዎችና እማወራዎች ስም ዝርዝር ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ የፕሮግራሙ መመሪያ ያዛል። ብዙዎች ወረቀቱን የምሥራች ወይም የመርዶ ማስታወቂያ አድርገው ያዩታል። ወረቀቱ ግን የፕሮግራሙ የመጀመሪያውና ወጪ የማይጠይቀው የክትትል መሣሪያ ነው።

ማን ጥማድ በሬ እንዳለው፣ ማን መሬቱን ለእኩል እንዳሳረሰ፣ የማን ጎተራ ገና በግንቦት እንደሚራቆት ከወረዳ ባለሙያ ይልቅ ጎረቤት ያውቃል። ዝርዝሩ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ይህ እውቀት ከጥቅም ውጭ ይሆናል። የደላው ተመዝግቦ ጧሪ የሌላት አሮጊት ብትቀር ልብ የሚል አይኖርም።

ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም ሲጀመር የታሰበው፣ በየዓመቱ ይደረግ የነበረውን የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ጥሪ አስቀድሞ በሚታወቅ ድጋፍ ለመተካት ነበር። ጉልበት ያላቸው በማኅበረሰብ ሥራዎች ይሳተፋሉ፤ አቅመ ደካሞች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሯል።

ድጋፉ አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑ ለክትትል ትልቅ ትርጉም አለው። የሁለት ወር ክፍያ ዘግይቶ በአንድ ላይ ቢከፈል በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱ «መቶ በመቶ ተከፍሏል» ሊል ይችላል፤ ሐሰትም አይሆንም። በመካከሉ ግን አባወራው ፍየሉን በርካሽ ሸጧል፣ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ቆሟል። ፕሮግራሙ የተቋቋመው ደግሞ ያች ፍየል እንዳትሸጥ ነው። ስለዚህ ክትትል ስንት ብር እንደተከፈለ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ቀን እንደደረሰ መመዝገብ ይኖርበታል።

በማኅበረሰብ ሥራዎችም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። የእርከን ኪሎ ሜትርና የተተከለ ችግኝ ብዛት ለመቁጠር ይቀላል። እርከኑ የመጀመሪያውን የሐምሌ ጎርፍ መቋቋሙን፣ ችግኙም በጋውን አልፎ መጽደቁን ለማወቅ ግን በጥቅምትና በየካቲት ተመልሶ ተራራውን መውጣት ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነቱ ቆጠራ አድካሚ ነው፤ ለገበሬው የሚጠቅመው ቁጥር ግን እሱ ነው።

ከክትትል ቀጥሎ ግምገማ ይመጣል። ቃሉ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሠራተኛ ጥፋቱን የሚናዘዝበትን ስብሰባ ነውና እዚህ ላይ ግር ያሰኛል። የፕሮግራም ግምገማ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ የቤተሰቡ ኑሮ ተለውጦ ከሆነ ለውጡ የመጣው በፕሮግራሙ ነው ወይስ ዝናቡ ስለሰመረ? ይህን ለመለየት ተጠቃሚውን በኑሮ ከሚመስለው፣ ነገር ግን ድጋፉን ካላገኘ ወይም ለአጭር ጊዜ ብቻ ካገኘ ቤተሰብ ጋር ማነጻጸር ይገባል።

ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋምና የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ ተመሳሳይ ቤተሰቦችን በየጊዜው እየተመላለሱ ጠይቀዋል። በመጀመሪያው ዙር የተገኘው ለውጥ አነስተኛ ነበር፤ አንዱ ምክንያት ብዙ ቤተሰቦች በእጃቸው የገባው ድጋፍ ከታቀደው ማነሱ ነው። በኋላ በተደረገው ንጽጽር አምስት ዓመት በማኅበረሰብ ሥራ የታቀፉት፣ አንድ ዓመት ብቻ ከታቀፉት ይልቅ የምግብ እጥረት ጊዜያቸው ከአንድ ወር በላይ አጥሮ ተገኝቷል። በክረምት መግቢያ እህል ላለቀበት ቤት አንድ ወር ቀላል አይደለም።

ስሙ ያለ አግባብ የቀረበት ነዋሪ አቤቱታውን የሚያቀርበው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። ልየታውን ያከናወነው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል አባል የሆነ ሰው በኮሚቴው ውስጥ እንዳይቀመጥ መመሪያው ይከለክላል፤ የራሱን ውሳኔ ራሱ እንዳይዳኝ ነው። በቀበሌ ያልተፈታ ቅሬታ ወደ ወረዳ ይሄዳል። የተጠቃሚነት ካርድ የሚሰጠው በነጻ ነው፤ ለካርዱ ገንዘብ የተጠየቀ ሰውም ቅሬታውን በዚሁ መንገድ ማቅረብ ይችላል።