ናሙና ልብስና ሞላ ያለ ሰውነት፦ የፋሽን መድረክ ከመጽሔት ሽፋን ለምን ወደ ኋላ ቀረ?

የጣልያኑ ቮግ መጽሔት በጁን 2011 እ.ኤ.አ. ሞላ ያለ ሰውነት ያላቸውን ሦስት ሞዴሎች በሽፋኑ ላይ አወጣ። በ2016 ደግሞ አሽሊ ግራሃም በአሜሪካው ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የዋና ልብስ እትም ሽፋን ላይ ታየች። ሁለቱም ሰውነትን እንዳለ የመቀበል ንቅናቄ ድል ተደርገው ተወደሱ። ይሁን እንጂ ቮግ ቢዝነስ ለ2023 የመጸውና የክረምት ወቅት በኒው ዮርክ፣ በለንደን፣ በሚላንና በፓሪስ መድረኮች የቀረቡትን ከ9 ሺህ በላይ አልባሳት ቈጥሮ ባወጣው ዘገባ፣ የአሜሪካ ልካቸው 14ና ከዚያ በላይ በሆነ ሞዴሎች የተለበሱት 0.6 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል።

ለዚህ ክፍተት ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት የአዘጋጆች ጭፍን አመለካከት ነው። ምክንያቱ ሐሰት ባይሆንም ግማሹን ብቻ ይነግራል። የቀረው ግማሽ የሚገኘው በስፌት ክፍሉ ውስጥ ነው። አንድ የፋሽን ቤት አዲስ ስብስብ ሲያዘጋጅ፣ ልብሱ በብዛት ከመመረቱ ከወራት በፊት፣ ከእያንዳንዱ ንድፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ናሙና ብቻ በጠባብ ልክ ይሰፋል። በመድረክ የሚታየው ይኸው ናሙና ነው፤ ለመጽሔቶች በውሰት የሚላከውም እርሱው ነው። ስለዚህ አዘጋጁ ሞላ ያለች ሞዴል ቢመርጥ እንኳ የሚያለብሳት ላያገኝ ይችላል። እንዲህ ያሉ ሞዴሎች በዋና ልብስ ወይም በውስጥ ልብስ ደጋግመው የሚታዩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ሳይሆን አይቀርም። (በልክ የሚሰፋ የሀበሻ ቀሚስ ይህን ችግር አያውቀውም፤ እዚያ ሜትሩ የሚዞረው በለባሿ ወገብ ላይ ነው።)

ናሙናውን ማስፋትም የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ፋብሪካዎች ሌሎቹን ልኮች የሚያወጡት የናሙናውን ቅድ በተወሰነ መጠን ደረጃ በደረጃ በመጨመርና በመቀነስ ነው። ስሌቱ ለጥቂት ደረጃዎች ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ትከሻው ከሚገባው በላይ ይሰፋል፣ ደረቱ ይጠብባል፣ ሰው ሲወፍር አጥንቱ አብሮ አይሰፋምና። ለትልልቅ ልኮች አዲስ መነሻ ቅድና ልብሱ የሚለካባት ሌላ ሞዴል ያስፈልጋሉ፤ ይህም ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ጉዳዩ ከንግድ ስሌት የሚያልፈው በተመልካቿ ላይ በሚያሳድረው ተጽዕኖ ነው። ኮኸንና ባልደረቦቿ በ2019 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሰውነትን ስለመቀበል የሚናገሩ የኢንስታግራም ምስሎችን ለአጭር ጊዜ የተመለከቱ ወጣት ሴቶች በሰውነታቸው ያላቸው እርካታና ስሜታቸው ተሻሽሏል። ሆኖም መልክን ከማይመለከቱ ምስሎች ጋር ሲነጻጸር፣ እነዚህም እንደ ቀጫጭኖቹ ሞዴሎች ምስል ሁሉ፣ ሴቶቹ ራሳቸውን በመልካቸው እንዲመለከቱ አድርገዋል። ይህ ሁለተኛው ግኝት ከመጀመሪያው ያነሰ መጠቀሱ ያሳዝናል።

መንግሥታት የመረጡት መንገድ ሌላ ነው። እስራኤል በ2012 ባወጣችው ሕግ የሰውነት ክብደት መለኪያቸው ከ18.5 በታች የሆነ ሞዴሎች በማስታወቂያ እንዳይሠሩ ከለከለች። ፈረንሳይም ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ የሞዴል ቁመና የተለወጠበት የማስታወቂያ ፎቶግራፍ «የተነካካ ፎቶግራፍ» የሚል ምልክት እንዲይዝ አስገደደች፤ እንዲህ ዓይነቱ ምልክት የተመልካቾችን ቅሬታ እንደማይቀንስ ግን በርካታ ሙከራዎች አሳይተዋል። ሁለቱም ሕጎች የሚቆጣጠሩት የሞዴሏን ሰውነትና ፎቶግራፉን ነው። የናሙናው ልክ ዛሬም የሚወሰነው በፋሽን ቤቱ የስፌት ጠረጴዛ ላይ ነው።