ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር፦ የሞተርን ማቀዝቀዣ ማጠብ ለምን ያስፈልጋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን ካለፈ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ይፋት ቆላ ውስጥ ይገባል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የገነባው የጣርማ በር ዋሻ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ የጭነት መኪና ይህን ዳገት የሚጀምረው በቆላው ሙቀት ነው። በዚህ ጉዞ ማቀዝቀዣው ችላ የተባለ ሞተር ቢፈላ አያስደንቅም። ምክንያቱን እንመልከት።

በቅድሚያ ሙቀቱን እናስላ። መጠነ ቁሱ 30,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና 1,700 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 500 ሚሊዮን ጁል ያህል ሥራ ይሠራል። ሞተሩ ከነዳጁ ኃይል 40 በመቶውን ወደ ሥራ ቢለውጥና አንድ አራተኛው በማቀዝቀዣው ፈሳሽ በኩል ቢወጣ፣ ራዲያተሩ ከ300 ሚሊዮን ጁል በላይ ማስወገድ ይኖርበታል። ይህም 900 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ ይበቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ የአየር ግፊት ነው። በ3,100 ሜትር ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ክዳኑ የሚያስተነፍስና ውሃ ብቻ የያዘ ራዲያተር ከመፍላት የሚለየው ጥቂት ዲግሪ ነው። ደኅና ክዳን 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚጨምር የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ግማሹ ኢትሊን ግላይኮል ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ከፍ ይላል። ፈሳሹ «አንቲፍሪዝ» ማለትም ጸረ በረዶ ቢባልም፣ ለቆላ መኪናም የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈሳሹ ግን ያረጃል። በውስጡ ያሉት ጸረ ዝገት ንጥረ ነገሮች ያልቃሉ፤ ግላይኮሉም ከኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ አሲድ ይፈጥራል፤ ብረቱም ይበላል። በጎደለ ቁጥር የጉድጓድ ወይም የወንዝ ውሃ ከተጨመረ፣ በውሃው የሟሟው ካልሲየም ባይካርቦኔት ሲሞቅ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ይህ በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት ነው። ብረት ሙቀትን ከዚህ ቅርፊት ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ፣ ስስ ቅርፊት እንኳ ሙቀቱን በሞተሩ ውስጥ ያግታል። ፍጻሜው የተጣመመ ቴስታታና የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል።

አጠባው እንዲህ ይከናወናል። አስቀድሞ ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ክዳኑ በሙቀት ከተከፈተ ግፊቱ በድንገት ስለሚወርድ ፈሳሹ ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ቀጥሎ የታችኛው መውጫ ወይም ማኒኮቶ ተከፍቶ አሮጌው ፈሳሽ በዕቃ ይጠራቀማል። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ተሞልቶ፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ሞተሩ ሠርቶ፣ እንደገና ቀዝቅዞ ይደፋል፤ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራም ይደጋገማል። ቅርፊት ካለ፣ በሎሚ ውስጥ የሚገኘው የሲትሪክ አሲድ ቀጭን ብጥብጥ ካርቦኔቱን ያሟሟዋል፤ ነገር ግን አሉሚኒየምንም ስለሚበላ ብዙ ሳይቆይ በሚገባ መታጠብ አለበት። በመጨረሻም ግላይኮልና ዲስቲልድ ውሃ እኩል ለእኩል ተቀላቅለው ይሞላሉ፤ የታመቀው አየርም ይወጣል። በፈሳሹ ላይ ዘይት ከታየ ግን ጓርኒሲዮኑ ሳይሄድ ስለማይቀር፣ ማጠብ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

የወጣው ፈሳሽ መርዝ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ኢትሊን ግላይኮል ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃናትንና እንስሳትን ያታልላል። በሰውነት ውስጥ ወደ ኦክዛሊክና ሌሎች አሲዶች ተለውጦ ኩላሊትን ይጎዳል፤ 100 ሚሊ ሊትር ያህሉም አዋቂን ሊገድል ይችላል። የይፋት ገበሬ ማሳውን በሚያጠጣበት እንደ ሮቢ ባለ ወንዝ ዳር መድፋት ፈጽሞ አይገባም። ጥብቅ ክዳን ባለውና «መርዝ» ተብሎ በተጻፈበት ዕቃ ይቀመጥ፤ የመጠጥ ውሃ በሚቀዳበት ጀሪካን ግን ለአንድ ቀንም ቢሆን አይቀመጥ።